ጠበቃ ባንዳፍታ

ታዘበው ኃይለ ጊዮርጊስ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ ግን አንቱ ይባላል። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ አሁን እዚህ ስለሌለ እሱ እለዋለሁ። ቢሰማ ይከሰኛል፤ ይክሰሰኝ። ቢቸና ውስጥ ጠበቃ ነው። እኔ አብዱራዛቅ እባላለሁ፤ ሞጣ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ አባቴም ጨርቅ ይሸጥ ነበር፣ ከዚህ ወዲያ ስለ ራሴ የምለው የለም። ከታዘበው ጋር የተዋወቅነው አንድ ነጋዴ የሱቄን ግድግዳ ገፍቶ በገባብኝ ጊዜ ነው። «ባንዳፍታ እንጨርሰዋለን» አለኝ። ጉዳዩ ስድስት ዓመት ፈጀ። ረታን፤ ግድግዳው ግን እስከዚያ በራሱ ጊዜ ፈርሶ ነበር።

ባንዳፍታ የምትለዋ ቃል ከአፉ አትጠፋም። ምስክር ባንዳፍታ ይመጣል፣ ውሳኔው ባንዳፍታ ይጻፋል፣ ይግባኙም ባንዳፍታ ይባላል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሰው ጭንቀት አይወድም። የደነገጠ ባላገር ሲያይ ቃሏን እንደ ውሃ ያቀምሰዋል። ድሃ ሲከሰስ በነፃ ይቆማል፣ ይህን ማንም አይክደውም።

የጨዋ ልጅ ነው። እሱ ራሱ ስለሚናገረው እኔ አልደብቀውም። የአያቱ የፊታውራሪ ገብረ ኪዳን ርስት ከቢቸና ቁልቁል እስከ ቆላው ይደርስ ነበር ይላል። ዝናብ ቢመጣ አይሮጥም፤ ጨዋ አይሮጥም። የፕላስቲክ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ የእንጨት ካልተገኘ ቆሞ ይውላል። ችሎት ሲገባ ከዘራውን በር ላይ ላለው ፖሊስ ያስይዛል፤ ፖሊሱም ለምን እንደሚይዝለት ሳይጠይቅ ይይዝለታል። በስልሳ ሰባቱ አዋጅ መሬቱ ሲሄድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በሕግ አስመልሰዋለሁ ብሎ ሕግ ተማረ። ተምሮ ሲመጣ የእሱን መሬት የሚመልስ ሕግ አልነበረም፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው ድንበር ማስመለስ ጀመረ። አገባ፣ ወለደ፣ ልጆቹ ባሕር ዳር ገቡ።

አንድ ነገር ብቻ አለችበት። አያትዎ በጣልያን ጊዜ ምን ነበሩ ሲባል «አስተርጓሚ ነበሩ» ይላል። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ። ቢቸናም፣ ደብረ ወርቅም፣ እኛም ሞጣዎች የምናውቀው ሌላ ነው። ፊታውራሪ ገብረ ኪዳን ባንዳ ነበሩ። አርበኛ የተደበቀበትን ለጣልያን ያሳዩ ነበር። ፊታውራሪ ያላቸውም ጣልያን ነው። ጣልያን ሲወጣ አርበኞች ያዟቸውና ከከተማው በታች ካለው ዋንዛ ሥር ገደሏቸው፤ ቄስ ሳይፈታቸው፣ ጸሎት ሳይደረግላቸው እዚያው አፈር ለበሱ።

እንግዲህ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ የሚባሉ የደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር አሉ፤ ምላሳቸው ምላጭ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ቢቸና ላይ አንድ ማኅበር ተጠርተው ተነሡና «የእኛ ጠበቃ መቼም ባንዳፍታ ናቸው» አሉ። ሰሙ በአንድ አፍታ የሚጨርሱ ማለት ነው። ወርቁ ቃሉን ለሁለት ስትከፍለው ይወጣል፤ ባንዳ፣ ፍታ። አንተ ባንዳ፣ እስረኛውን ፍታ ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ፣ ባንዳውን ፍታው፣ ፍትሐት ስጠው። እኔ ቁርአን ቤት ነው ያደግሁት፤ ቢሆንም የጎጃም እስላም ሰምና ወርቅ ካልለየ ገበያ ውሎ አይገባም። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ በነጠላው ሥር ሳቀ። ታዘበው ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ። በሳምንቱ ቢሮው በር ላይ ታፔላ አሠራ፤ «ባንዳፍታ የጥብቅና አገልግሎት» የሚል፣ በቀይ ቀለም። ማንም አልነገረውም። ከቢሮው በር ላይ ቆሞ «እንዴት ነው፣ አማረ?» ሲለኝ እኔም አማረ ነው ያልሁት።

አባቱ አባባ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል። ባለፈው ክረምት ታመሙና ልጃቸውን ጠሩት። «አባቴ ዋንዛ ሥር ተኝቶ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ወይ አፅሙን አፍልሰህ አስገባና ከጎኑ አስተኛኝ፤ አለዚያ እኔንም እዚያው መንገድ ዳር ቅበረኝ» አሉት። ታዘበው ደነገጠ። ሽማግሌው የሚቀልዱ ሰው አይደሉም፤ ሲናገሩም ሁለት ጊዜ አይናገሩም። ለክርስቲያን ሰው ያለ ፍትሐት መንገድ ዳር መቀበር ምን ማለት እንደሆነ እኔም እስላሙ አውቃለሁ። ታዘበው የአጥቢያውን ሰበካ ጉባኤ ጠየቀ። የደሙ ባለቤት ይቅር ካለች ይሁን አሉት።

የደሙ ባለቤት የእኔ ጎረቤት ናቸው። እማማ ታንጉት ይባላሉ፤ አንድ አጥር ብቻ ለይቶን ስንኖር አርባ ዓመት ሊሞላን ነው። አባታቸው ታደለ አርበኛ ነበሩ። ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ሳለ ገብረ ኪዳን ጣልያን ይዘው መጡባቸውና አርበኛው ቢቸና ገበያ መሐል ተሰቀሉ። ታንጉት ያን ጊዜ በእናታቸው ሆድ ነበሩ፤ እናትም በወሊድ ሞቱ። ያሳደጓቸው የእናታቸው አክስት ሮብ ገበያ የሚኖሩ፣ ታደለን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ኋላ ሞጣ ተዳሩ፣ ወለዱ፣ ባላቸውን ቀበሩ። ነገር አያበዙም፤ ያሏትን አንዷን ግን መልሰህ አታነሣትም።

ታዘበው እሳቸውን ፍለጋ ሞጣ መጣ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ ሦስት ቀን ይዘጋል። በጉንደ ወይን በኩል ሲንገጫገጭ ውሎ፣ ከረባቱን ሳያላላ ሱቄ ገባ።

«ጎረቤትዎ ናቸው አሉኝ፤ ያስገቡኝ» አለኝ።

«ሽማግሌ ይላኩ እንጂ። እንዲህ ያለ ነገር ብቻ ይገባል?»

«ጉዳዩ የሕግ ነው፤ ባንዳፍታ አስረዳቸዋለሁ።»

ምን ቁርጥ አድርጎኝ እገባለሁ ብዬ ነበር። ገባሁ።

እማማ ታንጉት ጥጥ እየፈተሉ ነበር። የፕላስቲክ ወንበር አሳዩት። ወንበሩን አየው፣ አመሰገነና ቆመ። እሳቸውም ተቀመጥ ብለው አልደገሙለትም።

«የተከበሩ እናቴ» ብሎ ጀመረ። «በመጀመሪያ ደረጃ፣ ነገሩ ከተፈጸመ ከሰማንያ ዓመት በላይ ስለሆነው በይርጋ የታገደ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ አያቴ በወቅቱ ከነበረው አስተዳደር ጋር የነበራቸው ግንኙነት የሥራ ግንኙነት ብቻ ነው።»

«የምን ሥራ?» አሉ።

«አስተርጓሚ ነበሩ።»

«ጣልያንኛ ያውቁ ነበር?»

«በመጠኑ።»

እማማ ታንጉት እንዝርታቸውን አሾሩ። «አባቴ ሲይዙትም ሲሰቅሉትም አንዲት ቃል አልተነፈሰም አሉኝ። አያትህ ታዲያ ምኑን ተረጎሙለት?»

ታዘበው «በሦስተኛ ደረጃ» አለ። ሦስተኛ ደረጃ አልነበረውም።

«ስማኝ ልጄ፣ ይቅር አልልም አላልሁህም» አሉት። «ይቅር የምለውን ነገር አምጣልኝ ነው የምልህ። ንስሐ የሚገባ ሰው ለነፍስ አባቱ አስተርጓሚ ነበርሁ ይላል እንዴ? ሰርቄያለሁ ይላል፤ ገድያለሁ ይላል። ስሙ ያልተጠራ ኃጢአት እንዴት ብሎ ይፈታል? አንተ ደግሞ ከአፍህ ማውጣቱ ጨንቆህ ነው እንጂ ታፔላህ ላይ ጽፈኸው የለም ወይ።»

«ምኑን ነው የጻፍሁት?»

«ባንዳ» አሉ፤ ትንሽ ቆዩና «ፍታ» አሉ።

ታዘበው ዞሮ አየኝ። «እውነት ነው አብዱራዛቅ?»

«ቅኔ ነው መሰለኝ፤ እኔ እስላም ነኝ» አልሁት።

ፊቱን ሳየው በጣም አሳዘነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አገር እየሳቀበት በዚያ ታፔላ ሥር በኩራት ሲገባና ሲወጣ፣ በልቶ ያደረ ጎረቤት፣ ነፃ ያወጣው ባለጉዳይ፣ እኔም ጭምር፣ አንድ ሰው ጠጋ ብለን አልነገርነውም። በራሴ ተናደድሁ። ውጭ ዝናብ ይወርድ ነበር። ወጥቶ ሄደ፤ አልሮጠም።

ቢቸና ሲመለስ ታፔላውን አወረደው። ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ቀረ፤ ሰዉም ባዶውን ቦታ እያሳየ «ባንዳፍታ ጋ ነው» ማለቱን አልተወም። ችሎት መሄድ አቆመ። ባለጉዳዮቹ ቤቱ ድረስ ሲመጡ አመመኝ ያስብላል። እኔ ስልክ ስደውል ግን ያነሣል።

«አባቴ እህል እምቢ ብለዋል» አለኝ አንድ ቀን። «ለመቃብሬ የዋንዛውን ሥር አስጠርገሃል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።»

«እንግዲያማ ቃሉን ይበሉትና ይገላገሉ። ሦስት ፊደል ናት።»

«አብዱራዛቅ፣ እኔን ያሳደጉኝ በእሳቸው ስም ነው» አለ። «ስወድቅ የገብረ ኪዳን ልጅ አይወድቅም፣ ስራብ የገብረ ኪዳን ልጅ አይለምንም። መሬቱ ሄዶ፣ ቤቱ ተወርሶ የቀረኝ ያ ስም ነው። ቃሏን ካልሁ በኋላ እኔ ማን ነኝ?»

«ጠበቃ» አልሁት።

ሌላ ሰው ቢሆን የተሻለ ነገር ይለው ነበር። እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ስልኩን ዘጋነው።

ወር ሳይሞላ፣ ሐሙስ ቀን፣ የገበያተኛው ግርግር ሳይጀምር አንድ አባዱላ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ከፊት ታዘበው ወረደ። ከኋላ ፍራሽ ላይ አባባ ኃይለ ጊዮርጊስ ተኝተዋል፤ ለሽምግልና አብረው የመጡት መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ የአዛውንቱን ራስ ደግፈው ይዘዋል። ልጅየው አይሆንም፣ መንገዱ ይገድልዎታል ብሎ ለምኗቸው ነበር። ከሞትሁም ወደዚያው ስሄድ ልሙት ብለው መጡ። ዱቄት የመሰለ ፊት ነበራቸው። ተሸክመን እማማ ታንጉት ቤት አስገባናቸውና መሬት ላይ ሰሌን ተነጠፈላቸው።

«ድንጋይ ተሸከም» አሉት ልጃቸውን።

አገሩ ደንብ አለው፤ ደም የነካ ወገን ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቆማል፤ አውርደው እስኪባልም አያወርድም። ታዘበው ወደ ደጅ ወጣና ዙሪያውን አየ። የሱቄን በር የማስደግፍበትን ድንጋይ አነሣ። በሩ ከኋላው ድርግም ብሎ ተዘጋ፤ እኔም ንግዱ ይቅር ብዬ ተከተልሁት። ከረባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታው፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ እማማ ታንጉት ፊት ቆመ። መሪጌታ አቀርቅረው ነበር። ያችን ቃል ለሁለት የከፈሏት እሳቸው ናቸውና ቀና ማለት አቃታቸው።

«እማማ ታንጉት፣ አያቴ ገብረ ኪዳን» አለና ድንጋዩን አመቻቸ። ሰላሳ ዓመት ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። ላቡ ከግንባሩ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። «አያቴ ገብረ ኪዳን ባንዳ ነበሩ።»

እማማ ታንጉት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማንን አሳዩ?»

«አባትዎን፣ አርበኛ ታደለን።» ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ቀለለው፤ እንባውም አብሮ መጣ።

«ዋሻውን ማን ነገራቸው?» አሉ እማማ ታንጉት። «አባቴ ያለበትን ሰው አያውቅም ነበር ይላሉ። ስንቅ የሚያቀብለው እንኳ ከሩቅ ጥሎለት ነበር የሚሄድ። ይህንን ስጠይቅ ነው ያረጀሁት።»

«አላውቅም እማማ» አለ ታዘበው። አላውቅም ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከሰሌኑ ላይ መጣ።

ሁላችንም ወደ አባባ ኃይለ ጊዮርጊስ ዞርን። ዓይናቸውን ጣራው ላይ አድርገው ነበር የሚናገሩት፤ ድምፃቸው አነስ ያለ ቢሆንም እያንዳንዱ ቃል ይሰማል።

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ» አሉ። «ከአጎቴ ቤት ስመለስ በረዶ ያዘኝና ዋሻ ገባሁ። አባትዎ እዚያ ነበሩ። መጀመሪያ ጠመንጃ አነሡብኝ፤ ልጅ መሆኔን ሲያዩ መልሰው አስቀመጡት። እሳት ዳር አስቀምጠው ጋቢያቸውን አለበሱኝ፣ ሽምብራ ዘግነው ሰጡኝ። ዝናቡ ሲያባራ፣ እንዳየኸኝ ለማንም አትንገር አሉኝ። እሺ አልሁ። ቤት ስደርስ አባቴ የት ቆየህ ብሎ አርጩሜ አነሣ። ፈራሁና ነገርሁት። በማግስቱ አብሬው ሄጄ በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

ታዘበው ድንጋዩን እንደተሸከመ አባቱን ያያል። ይህን እሱም አልሰማም ነበር።

«አባቴ እንዲፈታ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ያደረገውን ያውቃል። ከእሱ ጎን ልተኛ ያልሁት እኔም ባንዳ ስለሆንሁ ነው። እሱ ውጭ ከሆነ እኔም ውጭ ነኝ። ይህን ሳልነግርዎት መሞት ስላቃተኝ ነው ይህን ያህል የቆየሁት።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ተረቱን ያወጣው ሰው አባባ ኃይለ ጊዮርጊስን አላገኛቸውም።

እማማ ታንጉት መቋሚያቸውን ይዘው ከመደቡ ተነሡና ወደ ሰሌኑ ሄዱ። መሪጌታ ሊመቱ መስሏቸው ሊይዟቸው ብድግ አሉ። እሳቸው ግን መቋሚያውን ወደ ጎን ጥለው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ቀስ ብለው ከሽማግሌው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«አይተውታል ማለት ነው?» አሉ። «አባቴን በዓይንዎ አይተውታል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ያየው ሰው ሁሉ ሳልጠይቀው አለቀብኝ። ይኸው እስከዛሬ በሕልሜ ሲመጣ ፊት የለውም።» ከዚያ ዘወር ሳይሉ «አንተ ልጅ፣ ድንጋዩን አውርድና ተቀመጥ» አሉት ታዘበውን። «አያትህንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስገባው፤ ይቅር ብያለሁ። አሁን ሁላችሁም ዝም በሉልኝ።»

ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። «ቀይ ነበር ጠይም?»

«ጠይም።»

«ቁመቱስ?»

«ረጅም ነበሩ። ዋሻው ውስጥ ጎንበስ ብለው ነበር የሚራመዱት።»

«ተናግሮ ነበር? ስቆ ያውቃል?»

«ሽምብራውን ስጎርስ አይተው ሳቁ» አሉ አባባ ኃይለ ጊዮርጊስ፤ አሁን ዓይናቸውን ከጣራው አንሥተው እሳቸውን ያያሉ። «ሲስቁ ፍንጭት ነበሩ።»

እማማ ታንጉት እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና የፊት ጥርሳቸውን መሐል በሌባ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ከማን ወሰድሽው ሲሉኝ» አሉ፣ «አላውቅም እል ነበር።»